የጎማ ማስክ ከዓመት በላይ ተጠቀምኩ፦ ከወፍጮ ብናኝ እስከ ቀጣዩ ወረርሽኝ

ስለ ማስክ ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም። የ2012ን እና የ2013ን የኮቪድ ነገር መልሶ ማስታወስ የሚፈልግ የለም። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ማስክ ነው፣ ያውም በረዥሙ። ከዓመት በላይ በየቀኑ ሳደርገው ስለቆየሁ ጥሩውንም መጥፎውንም አውቀዋለሁ። ያኔ ፊታችን ላይ ያንጠለጠልነው ጨርቅና ይሄ ዕቃ ሁለቱም «ማስክ» መባላቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። አባቴ ያቆመው ነው። ሁለት ወፍጮ አለን፤ አንዱ የእህል፣ ሌላው የበርበሬና የሽሮ። በዓል ሲቀርብ ሰልፉ ከበር አልፎ መንገድ ይወጣል፣ ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አይበርድም፣ ብናኙም እንደዚያው። አባቴ ዕድሜ ልኩን አፉን በፎጣ አስሮ ነው የሠራው። መጨረሻ ላይ ከቤታችን ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሦስት ቦታ ቁጭ ይል ነበር። ሌሊት ሲያስል እኔም በወዲያኛው ክፍል እንቅልፍ አልነበረኝም። ሐኪሙ ለዓመታት የገባው ብናኝ ሳንባውን እንደጎዳው ነገረን። እሱ ካረፈ በኋላ ወፍጮውን ስረከብ አንድ ነገር ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እኔም ሆንኩ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከእንግዲህ በፎጣ አንሠራም።

ዕቃው ይኸውላችሁ። ግማሽ ፊት የሚሸፍን የጎማ ማስክ ነው። ከአፍንጫ አጥንት ተነስቶ ከአገጭ ሥር ይገባል። ጎማው ለስላሳ ስለሆነ ቆዳ ላይ ልጥፍ ይላል። ግራና ቀኝ ክብ ማጣሪያ ይገጠምበታል፣ አንዱ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው። መሃሉ ላይ ትንፋሽ የሚወጣበት ቫልቭ አለ። ማሰሪያው ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም፤ አንዱ በአናት፣ አንዱ በማጅራት ያልፋል። መኪና ቀለም የሚረጩ ልጆች ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል። የገዛሁት ባሕር ዳር ነው፣ ሄልሜትና ጓንት ከሚሸጥበት የሥራ ደኅንነት ዕቃ ሱቅ። ከአንድ ጥንድ ማጣሪያ ጋር 2,800 ብር። ትርፍ ማጣሪያ ጥንዱ 900 ብር። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ይሄ ለፋብሪካ ነው፣ ለወፍጮ ይበዛብሃል» አለኝ። ስለ አባቴ ስነግረው ዝም ብሎ ጠቀለለልኝ።

ዋጋው ያስደነግጣል። ግን አስሉት። በፊት ተደርጎ የሚጣለውን ማስክ ነበር የምገዛው፣ አንዱን በ60 ብር፣ ለአንድ ሰው በሳምንት ሁለት። በሳምንት 120 ብር ማለት ነው። በዚህ ስሌት እስካሁን ባለው 60 ሳምንት ለራሴ ብቻ 7,200 ብር ይወጣብኝ ነበር። በጎማው ግን ሁለት ጊዜ የቀየርኩትን ማጣሪያ ጨምሮ 4,600 ብር ነው ያወጣሁት። ጎማው ደግሞ ምንም አልሆነም። አሁንም እንደ አዲስ ነው።

ስለ ማጣሪያው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። የኔ ፒ-100 የሚባለው ነው፣ ቀለሙ ሐምራዊ። ለማጣራት አስቸጋሪ ከሆነው፣ መጠኑ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ከሆነው ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶውን ያስቀራል። ኤን-95 የሚባለው፣ ተደርጎ የሚጣለው ማስክ፣ ቢያንስ 95 በመቶ ያስቀራል። የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ-2 ቢያንስ 94 በመቶ። ሰው ማጣሪያን እንደ ወንፊት ያስበዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል። ወንፊት ከቀዳዳው ያነሰውን ሁሉ ያሳልፋል። ለዚህ ነው «ቫይረስ እኮ ከማስኩ ቀዳዳ ያንሳል፣ ታዲያ ምን ይሠራል?» የሚል ክርክር በየቦታው የምትሰሙት። የማስክ ማጣሪያ ግን በወንፊት መንገድ አይሠራም። እጅግ ቀጭን የፕላስቲክ ክር እንደ ጥጥ ተነባብሮ የተሠራ ንጣፍ ነው። ትልቁ ብናኝ መታጠፍ ስለማይችል ሄዶ ክሩ ላይ ይጋጫል። በጣም ትንሹ ደግሞ እየተርገበገበ ስለሚሄድ ሳይነካ አያልፍም። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው፣ ለዚህ ነው መለኪያው 0.3 ላይ የተደረገው። የኤን-95 ክር ደግሞ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው ብናኙን ወደ ራሱ ይስባል። ማበጠሪያ ፀጉራችሁ ላይ አሽታችሁ ወደ ቁራጭ ወረቀት ስታስጠጉት ወረቀቱ ይነሳ የለ? እሱ ነው።

ይሄን ሳውቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2012 የሚጣለውን ማስክ ሳይቀር በሳሙና አጥበን አጥር ላይ እናሰጣ ነበር። አልኮል የሚረጩበትም ነበሩ። ሳሙናና አልኮል ያን ቻርጅ ያጠፋዋል። የሚያጣራውን ነገር አውጥተን ቅርፊቱን ነበር የምናደርገው። ማንም አልነገረንም።

አሁን ወደ ፈተናው። ሐኪም ቤት ማስክ ፊት ላይ መግጠሙን የሚፈትኑበት ዘዴ አላቸው፤ ሰውየው ማስኩን አድርጎ ራሱ ላይ ኮፍያ መሳይ ነገር ያጠልቁለትና ውስጡ ጣፋጭ ወይም መራራ ነገር ይረጫሉ። ጣዕሙ ከተሰማው ማስኩ ያስገባል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ያ የለም። በርበሬ ግን አለ። ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ነው፣ እናቴም ለዓመት የሚሆነውን በርበሬ አንድ ላይ ነው የምታምሰው። ምጣዱ ላይ ሞቅ ሲል ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። ጎረቤት ሳይቀር ያስነጥሳል። እዚያ ምጣድ አጠገብ አራት ማስክ ሞከርኩ፣ በአራት ዙር፣ እናቴ «ልጄ፣ ምን ነካህ?» እያለች።

መጀመሪያ ከ2012 የተረፈውን የጨርቅ ማስክ አደረግኩ። ሃያ ድረስ እንኳ ሳልቆጥር ትን አለኝ፣ እየሳልኩ ወጣሁ። ከምንም አይሻልም እንዳልል ትንሽ ይሻላል፣ ግን ልዩነቱ የጥቂት ሴኮንድ ነው። ቀጥሎ ሰርጂካሉን፣ ሰማያዊውን። ንጣፉ ራሱ ጥሩ ነው፣ ከፊት ለፊት የሚገባ አልተሰማኝም። በጎን ነው የገባው፣ በጉንጬና በአፍንጫዬ ዳር። አየር እንደ ውኃ ነው፣ ክፍት መንገድ ካገኘ በጨርቅ ውስጥ ለማለፍ አይታገልም። ሦስተኛው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ኬኤን-95፣ የኤን-95 የቻይና አቻ። እሱ ጥሩ ያዘ፣ እናቴን «ኧረ ይሄ ይችላል» አልኳት። ስናገር አገጬ ሲንቀሳቀስ ከሥር ተከፈተና ሳሉ መጣ። በመጨረሻ ጎማው። ምጣዱ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ሙሉውን ዙር ጨረስኩ። አንድም ሳል የለም። ዓይኔ ግን ተቃጠለ፣ እንባዬ ይወርድ ነበር፣ ግማሽ ፊት ነውና የሚሸፍነው። እናቴ «ዓይንህንስ ምን ልታለብሰው ነው?» አለችኝ። ልክ ናት፣ የዓይን መነጽር ለብቻው ያስፈልጋል።

የበርበሬው ሽታ ትንሽ ትንሽ ይደርሰኝ ነበር። ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሽታ ጋዝ ነው፣ የብናኝ ማጣሪያ ጋዝ አያስቀርም። ስለዚህ ሸተተኝ ማለት ማስኩ አልሠራም ማለት አይደለም። በዚያው ልክ ደግሞ ይሄን ማስክ አድርጎ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ አይሞከርም፤ የከሰሉ መርዝ ጋዝ ነው፣ ያልፋል፣ ይገድላል። የበርበሬውን ፈተናም ቤታችሁ ሞክሩት እያልኩ አይደለም። አስም ያለበት ሰው ፈጽሞ እንዳያስበው።

ያን ቀን ማታ ነው ስለ ወረርሽኝ ማሰብ የጀመርኩት። ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። በ2012 የምትሠራበትን ቦታ ስም አልጠራም። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ከሁላችንም በፊት የደነገጠችው እሷ ናት። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ እኛ ሕዝቡ በየበሩ ጀሪካን ሰቅለን እጃችንን ታጠብን፣ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» እየተባባልን ተራራቅን፣ ፋሲካን ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን አስቀደስን። እሷ ደግሞ የሚያስለውን ሰው ፊት ለፊት ተቀበለች። የበርበሬውን ነገር ስነግራት ሳቀች፣ ቀጥላ ግን ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ።

«አያ፣ እኛ እኮ አንዷን ኤን-95 ለአምስት ቀን ነበር የምናደርጋት። ማታ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ስሜን ጽፌ ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ፣ ጠዋት ያቺኑ። አርብ ሲደርስ ላስቲኳ ይላላል፣ በእጄ ፊቴ ላይ ይዣት ነበር መርፌ የምወጋው።»

በአንድ እጇ ማስክ ይዛ በአንድ እጇ። ይሄን ስሰማ ያ ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልነገረችን ገባኝ፣ እናቴ ብትሰማ ከሥራ ታስቀራት ነበር። እህቴ ታማ ተርፋለች። አብረዋት ከሚሠሩት መካከል ያልተረፈ አለ።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ያኔ የተነገረን ነገር ራሱ ትክክል አለመሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 19 ቀን 2012 በማኅበራዊ ገጹ ላይ ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ ነበር የጻፈው። ከምራቅ ጠብታ ተጠንቀቁ፣ ጠብታው መሬት ይወድቃል፣ ስለዚህ ተራራቁ ነበር ምክሩ። ኋላ በአየር እንደሚተላለፍ ተቀበለ፣ በሚያዝያ 2016 ደግሞ ስያሜዎቹን ሁሉ እንደገና አስተካክሎ አወጣ። አሁን እንደምናውቀው ቫይረሱ ከትንፋሽ ጋር ወጥቶ እንደ ጭስ ክፍል ውስጥ ይንሳፈፋል። ጭስ ሁለት እርምጃ ላይ አይቆምም። በሩ የተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ሲጋራ ቢያጨስ ኋላ ወንበር ላይ ያለው አይሸተውም? እንደዚያ አስቡት። እጅ መታጠብ ለብዙ በሽታ ይጠቅማል፣ አይቅርብን። የሚተነፈስን ነገር ግን የሚያስቀረው የምንተነፍስበትን መንገድ የሚጠብቅ ነገር ነው።

አያቶቻችን ስለ አየር ያሰቡት ከዚህ በፊት ነው። በ1911 ዓ.ም. (በ1918 እ.ኤ.አ.) የገባው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው፣ አዲስ አበባን ሲያጠፋ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የተረፉት። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፣ ሳንባንም ይጎዳል፣ እኔ በበኩሌ ልጆቼን አላስጠጋም። ግን ጥርጣሬያቸው ወደ አየሩ መሆኑ ይደንቀኛል። ከዚያም ስምንት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ቻይና፣ ማንቹሪያ ውስጥ የሳንባ ወረርሽኝ ሲገባ ዉ ሊየን-ቴ የተባለ ወጣት ሐኪም በሽታው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው ብሎ ከጥጥና ከፋሻ ማስክ አሠርቶ ሠራተኞቹን አስደረገ። ዤራልድ ሜኒ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አልተቀበለውም፣ ያለ ማስክ ታማሚ ዘንድ ገባ፣ በቀናት ውስጥ ሞተ። ያ ጥጥና ፋሻ በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እህቴ ከዚያ ብዙም ያልራቀ ነገር በእጇ ይዛ መሥራቷ ነው የሚያንገበግበኝ።

«ማስክ አይሠራም» የሚል ሰው አሁንም ወፍጮ ቤቴ ይመጣል፣ እከራከረዋለሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ በ600 መንደር፣ ከ340 ሺህ በላይ ሰው ላይ የተደረገ ጥናት አለ። በአንዳንዱ መንደር ማስክ አደሉ፣ ሰውን አስታወሱ፣ በሌላው ምንም አላደረጉም። በታደለባቸው መንደሮች እንኳ በትክክል ያደረገው ከ100 ሰው 42 ያህሉ ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሰርጂካል በታደለበት የታመመው ሰው በ11 በመቶ ገደማ አነሰ፣ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ደግሞ በ35 በመቶ። በጨርቁ ግን ያን ያህል ግልጽ ውጤት አልታየም። ይሄ እንግዲህ በጎን የሚያስገባው ሰርጂካል ነው፣ ያውም ከግማሽ በታች ሰው አድርጎት። ታዲያ በጎን የማያስገባው ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ስለ ኬኤን-95 ላስጠንቅቅ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ትክክለኛው ጥሩ ዕቃ ነው። ችግሩ አስመስሎ የተሠራው መብዛቱ ነው። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ካርቶን ገዝቼ፣ ቀድጄ ሳየው ውስጡ መሃለኛው ንጣፍ የለውም፤ ሁለት ስስ ጨርቅ ብቻ። ከየት እንደገዛሁት መናገሩ አይጠቅምም፣ ሻጩም ቢሆን ሳያውቅ ያመጣው ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ማስክ የሚመረምረው ኒዮሽ የተባለው ተቋም እንኳ በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ከመረመራቸው ኬኤን-95 ወደ 60 በመቶው ያህሉ የሚጠበቅባቸውን አላሟሉም። ኤን-95 ስትገዙ ማሰሪያው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ተጠራጠሩ፣ እውነተኛው በራስ ዙሪያ ነው የሚታሰረው። የፈቃድ ቁጥርም ፊቱ ላይ ታትሞበታል።

ወደ ጎማው ልመለስ። ጉድለቱን አልደብቅም።

ዋናው ድምፅ ነው። ሞተሩ እየጮኸ፣ እኔ በጎማ ውስጥ እየተናገርኩ፣ እማማ ስንት ኪሎ እንዳመጡ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ዓይነት ድምፅ የሚያሳልፍ ስስ ነገር ፊቱ ላይ አለው፣ የኔ የለውም፣ ስትገዙ ጠይቁ። ልጆች መጀመሪያ ይፈሩታል። ውኃ ለመጠጣት ማውለቅ ግድ ነው። በቀትር ውስጡ ያልባል፣ ማታ ሲወልቅ ጉንጭ ላይ መስመር ይቀራል። እነዚህን እችላቸዋለሁ።

ቫልቩ ግን ቁም ነገር ነው። የምተነፍሰው አየር ሳይጣራ ነው በቫልቩ የሚወጣው። ለወፍጮ ብናኝ ምንም አይደለም። እኔ ከታመምኩ ግን ሌላውን በሚገባ አይጠብቅም። ለዚህ መፍትሔ አለ። ቫልቩ ላይ ሰርጂካል ማስክ መደረብ ይቻላል፣ ከዚያ የተሻለው ደግሞ የሚወጣውንም የሚያጣራ ወይም ቫልቭ የሌለው የጎማ ማስክ መግዛት ነው፤ እንደዚያ ዓይነት አሁን ይሠራል። ለሐኪም ቤት የሚገዛ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ።

ጺም ደግሞ አለ። የንስሐ አባታችን መጥተው ሞክረውት ነበር፣ ዕጣንና ጧፍ ጭስ ለረዥም ዓመት ስለተነፈሱ ደረታቸው ያስቸግራቸዋል። ጎማው ጺማቸው ላይ አልያዘም፣ ዳር ዳሩን አየር አስገባ። «አባቴ፣ ጺምዎ ነው እንዳይገጥም ያደረገው» ስላቸው «ልጄ፣ እንግዲህ ማስኩ ይለምደኝ እንጂ እኔስ ጺሜን አልነካም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ጎጃም ውስጥ ስንት ካህን፣ ስንት መነኩሴ አለ? በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የታመመ የሚጠይቁ፣ የሞተ የሚፈቱ እነሱ ናቸው። በባትሪ የተጣራ አየር እየነፋ ራስን እንደ ቆብ የሚሸፍን ዓይነት አለ፣ ለጺም የሚሆነው እሱ ነው፣ ዋጋው ግን የትየለሌ ነው። ጺማቸውን በሃይማኖታቸው የማይላጩ የሲክ ሐኪሞች ጺማቸውን በሰፊ የላስቲክ ጨርቅ ጠቅልለው ማስኩን ከላይ ያደርጋሉ። ለአባታችን ይሄን ልሞክርላቸው አስቤያለሁ።

ልክም አለ። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ ይሠራል፣ ሱቁ ያመጣው ግን መካከለኛና ትልቅ ብቻ ነበር። እህቴ የኔን አድርጋ ሞከረች፤ ፊቷ ቀጭን ስለሆነ ከአፍንጫዋ አጠገብ ከፈተ። ማጣሪያዎቹን በመዳፍ ከድኖ አየር መሳብ ነው መሞከሪያው። ጎማው ፊት ላይ ጥብቅ ካለ ይዟል፣ አየር ከገባ አልያዘም። የእህቴ ገባ። ነርሶቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሴቶች ናቸው። የሚገዛው ዕቃ ግን በወንድ ፊት ልክ ነው። ይሄን የሚያስብ ሰው ገዢው ቢሮ ውስጥ እንዲኖር ከልቤ እመኛለሁ።

አጠባበቁ ቀላል ነው። ማታ ማጣሪያዎቹን ነቅዬ ጎማውን ለብ ባለ ውኃና ሳሙና አጥባለሁ፣ ጥላ ላይ ይደርቃል። ማጣሪያው አይታጠብም፣ በኮምፕሬሰርም አይነፋም፣ ይቀደዳል። ሲደፈን መተንፈስ ይከብዳል፣ ያኔ ይቀየራል። የዱቄት ብናኝ ቶሎ ይደፍነዋል። ሐኪም ቤት ውስጥ እንደዚህ ያለ ብናኝ ስለሌለ ብዙ ይቆያል።

ይሄ ዕቃ ሐኪም ቤት ይሆናል ወይ ለሚል ሰው፣ ሆኗል። አሜሪካ ፒትስበርግ ያለ አሌጌኒ የሚባል የሆስፒታሎች ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ተደርጎ የሚጣለው ማስክ ሲጠፋበት ለሠራተኞቹ የጎማውን አደለ፣ ሠሩበት። ቴክሳስ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የሚታከምበት ሆስፒታል ከኮቪድ በፊትም ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ በአየር ነው የሚተላለፈው፣ አገራችንም በሽታው ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እህቴ ዛሬም፣ ወረርሽኝ በሌለበት በዚህ ሳምንት፣ ከሚያስለው ሰው ጋር በጠባብ ክፍል ትቀመጣለች። ወረርሽኝ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር የለም።

ክረምት ሳይገባ ኩበትና እንጨት የማያስገባ የጎጃም ቤት አላውቅም። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ደረቅ እንጨት የሚሸጥልህ የለም። በ2012 ዓለም ሁሉ በአንድ ቀን ገበያ ወጣ፣ ያላቸው አገሮች እንኳ እርስ በርሳቸው ተሻሙ፣ እኛ የደረሰን ጨርቅ ነው። እንደገና ቢመጣ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ለሳምንታት በማይገባበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ ይሄን እኛ አካባቢ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ታዲያ ምን እናከማች? የሚጣለው ማስክ መጋዘን ውስጥ ላስቲኩ ይበሰብሳል፣ ጊዜው ያልፍበታል። አሜሪካም ያከማቸችው ብዙ ማስክ ሲፈለግ ጊዜው አልፎበት ነው የተገኘው። የጎማው ግን ረዥም ጊዜ ይቆያል፣ ደግሞም መጋዘን ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት አውድማው ሁሉ ውቂያ ነው፣ እብቁ ሲነሳ ገበሬው በጋቢው አፉን ይሸፍናል። ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ድንጋይ ፈላጭ፣ ሲሚንቶ የሚያራግፍ ሁሉ ሳንባውን እየሰጠ ነው የሚኖረው። ለእነዚህ ሰዎች ማስኩ ዛሬ ያስፈልጋቸዋል። በማኅበርም ሆነ በብድር ቢደርሳቸው፣ ከውጭ ሲገባ ቀረጡ ቢቀንስ፣ በየከተማው ማጣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ይኖራል፣ ሰው ማሰሩን ይለምዳል፣ ልኩን ያውቃል። ከዚያ የሚያስል በሽታ የመጣ ቀን ዕቃው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ያሉት ግን ቀድመው፣ በመንግሥት በጀት፣ ለእያንዳንዷ በልኳ፣ ስሟ ተጽፎበት ይሰጣቸው። የ60 ሳምንቱን ስሌቴን አይታችኋል። ውድ የሚመስለው ነው የረከሰው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለወፍጮ ሥራ ከ5 ውስጥ 5 እሰጠዋለሁ። ለሐኪም ቤት፣ የሚወጣውን ትንፋሽ የሚያጣራው ዓይነት ከሆነ 5፣ የኔው ዓይነት ከሆነ 3። ለጺማም ሰው 1። ለሱቁ የልክ አቅርቦት 2።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ ባለሱቁን ትንሽ ልክ አምጣልኝ ብዬ ለመንኩት። «ለማን ነው?» አለኝ። ለነርስ ነው አልኩት። ሁለት አስመጥቶ አንዱን በመጣበት ዋጋ ሰጠኝ፣ ቫልቩም የሚያጣራ ነው። ትናንት እህቴ መጥታ አሰረችው፣ ማጣሪያዎቹን በመዳፏ ከድና ሳበች፣ ጎማው ጥብቅ ብሎ ፊቷ ላይ ቀረ። እናቴ ምጣዱን ጥዳ ነበር።